ልቦለድ፣ ካሴትና የመጻሕፍት ጉባኤ በሐርጌሳ

ስለ ደራሲ ሕይወት በክፍል ውስጥ ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምናቀርበው አንድ ዓይነት ሥዕል ነው። ደራሲው በሩን ዘግቶ ከወረቀቱ ጋር ይታገላል፤ ከሰው አይውልም፤ ወደ አደባባይ የሚወጣው መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት ከወጣ በኋላ ነው። የደራስያን ማኅበር፣ የመጻሕፍት ጉባኤና ሙዚቃ ከሥራው በኋላ የሚመጡ መዝናኛዎች ተደርገው ይታያሉ። ይህ ሥዕል ፈጽሞ ሐሰት ነው አንልም፤ ብዕሩን የሚይዘው እጅ በእርግጥ የአንድ ሰው ነው። ሆኖም ለእጁ ቃል የሚያቀብለው ጆሮ የብዙ ሰው ድምፅ የሰማ ጆሮ ነው።

ይህን ሐሳብ ለመመርመር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከጅጅጋ ተነሥቶ በቶጎ ውጫሌ በኩል ድንበር የተሻገረ መንገደኛ የሚደርስባት ሐርጌሳ ጥሩ ምሳሌ ትሆነናለች። ከዚህች ከተማ የተወለደችው ናዲፋ መሐመድ ሦስት ልቦለዶች ጽፋ ለዓለም አንባቢ አቅርባለች። ከተማዋ ራሷም ከ2008 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ጉባኤ ታካሂዳለች። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ዓላማችን የደራሲዋን መጻሕፍት ካበቀላቸው የማኅበር፣ የጉባኤና የዘፈን ሕይወት ጋር አያይዘን መገምገምና ከዚህም ለትምህርት ቤቶቻችን የሥነ ጽሑፍ ክበባት የሚጠቅመውን መለየት ነው።

በጆሮ የምታነብ ከተማ

የሶማሊኛ ቋንቋ መደበኛ ጽሕፈት ያገኘው በጥቅምት ወር 1972 ነው። በዚያን ጊዜ የላቲን ፊደል በይፋ ተመረጠ። ከዚያ በፊት ግጥሙ፣ ታሪኩና ምሳሌያዊ አነጋገሩ በቃል ይጠበቅና ይተላለፍ ነበር። በ1974 እና በ1975 በሶማሊያ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው መምህራንና ተማሪዎች አርብቶ አደሩን ፊደል ለማስቆጠር ወደ ገጠር ዘመቱ። በዚያው ጊዜ በእኛም አገር የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ይካሄድ ስለ ነበር፣ በዕድሜ የገፉ የሙያ ባልደረቦቻችን ነገሩን በቀላሉ ይረዱታል።

በአዲሱ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው ታዋቂ የሶማሊኛ ልቦለድ የፋራሕ ጃማ አውል ሥራ ነው፤ በ1974 ወጣ። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «አለማወቅ የፍቅር ጠላት ነው» እንደ ማለት ይሆናል። በታሪኩ ውስጥ ማንበብ አለመቻል ለአፍቃሪዎቹ መከራ ምክንያት ሆኖ ይገኛል። ከዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባን መጽሐፉ ግጥም የበዛበት መሆኑን ነው። ገጸ ባሕርያቱ ልባቸው ሲነካ በግጥም ይናገራሉ። ልቦለዱ አዲስ ቢሆንም አንባቢው ገና አድማጭ ስለ ነበር ደራሲው ለጆሮ የሚስማማውን ይዞ ቀረበ።

ሐርጌሳ ይህን ጆሮ ያሠለጠነችው በሁለት መሣሪያዎች ነው ለማለት ይቻላል። አንደኛው ሬዲዮ ነው። የሐርጌሳ ሬዲዮ «ኩዱ» በሚል ስም ሥራውን የጀመረው በ1943 ነው። በዚያው ዘመን አብዲ ሲኒሞ የተባለ የጭነት መኪና ሹፌር «ባልዎ» የተሰኘውን አጭር የፍቅር ዘፈን አስፋፋ፤ መኪናው በመንገድ ላይ ቢበላሽበት ቁጭቱን ያንጎራጎረበት ዜማ እንደ ነበር ይነገራል። ባልዎ እየረዘመ ሲሄድ «ሄሎ» ወደሚባለው ዘመናዊ ዘፈን አደገ። የኡድ ተጫዋቹና ገጣሚው አብዱላሂ ቃርሼ በ1950ዎቹ ከተቋቋመው «ዋላሎ ሐርጌሳ»፣ ማለትም «የሐርጌሳ ወንድማማቾች» ከተሰኘው ቡድን ጋር ሲሠራ ቴአትሩም፣ ግጥሙም፣ ዜማውም ከአንድ ቤት ይወጣ ጀመር።

ሁለተኛው መሣሪያ ካሴት ነው። በ1970ዎቹ ቴፕ ሪከርደር በየቤቱና በየሻይ ቤቱ ሲገባ፣ ገጣሚው በአንድ ክፍል ውስጥ የተናገረው ቃል እየተቀዳ ከከተማ ወደ ከተማ ይጓዝ ጀመር። ማተሚያ ቤት አልጠየቀም፤ ሳንሱርም ሊይዘው አልቻለም። በእኛ አገር ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ማንበብ ያልተማረው ሰው ጭምር በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤቶቹ እንዳወቃቸው ስናስታውስ፣ የካሴቱን ኃይል ለመገመት አይከብደንም። ልዩነቱ የእኛው ልቦለድ አስቀድሞ በመጽሐፍ የነበረ ሲሆን፣ የእነርሱ ግጥም ግን በካሴት ተወልዶ በካሴት የኖረ መሆኑ ነው።

መልስ የሚጠይቅ ማኅበር

የደራስያን ማኅበር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራ በተራ ሥራቸውን የሚያነቡና የሚጨበጨብላቸው ሰዎችን ነው። የሶማሊኛ ገጣምያን ግን ከዚህ የጠነከረ ልማድ ነበራቸው። አንዱ ገጣሚ በአንድ ጉዳይ ላይ ግጥም ይገጥማል። ሌላው በዚያው ጉዳይ፣ በዚያው የፊደል ድምፅ ይመልሳል። በሶማሊኛ ግጥም ሕግ በእያንዳንዱ ስንኝ ውስጥ በተመረጠው አንድ ድምፅ የሚጀምር ቃል መገኘት አለበት፤ ግጥሙ የቱንም ያህል ቢረዝም ድምፁ አይለወጥም። ሦስተኛው ሰው የሁለቱን ሰምቶ ይቃወማል ወይም ያጠናክራል። እንዲህ እያለ ሰንሰለቱ ይረዝማል።

ከእነዚህ ሰንሰለቶች ሁለቱ ከፍ ያለ ስም አላቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተካሄደው «ሲንሌይ» በ«ስ» ድምፅ የተገጠመ ነው። ከ1979 እስከ 1980 የተካሄደው «ዴሌይ» ደግሞ በ«ድ» ድምፅ የተገጠመ ሲሆን፣ ክርክሩ ስለ ጎሠኝነትና ስለ ፍትሕ ነበር። ዴሌይን የጀመረው በቅጽል ስሙ ጋርዬ የተባለው መሐመድ ሐሺ ነው። ግጥሞቹ በካሴት እየተባዙ ተሠራጩ፤ ገጣምያን በየሥፍራቸው ሆነው መልስ ሰጡ።

ጋርዬ በ1949 በሐርጌሳ ተወልዶ በ2012 ያረፈ ሰው ነው። ለእኛ ለመምህራን ልዩ ትርጉም ሊኖረው ይገባል። ሥነ ሕይወትን አጥንቶ በመምህርነት ያገለገለ ባልደረባችን ነበርና። በ1976 የሶማሊኛን ግጥም የምጣኔ ሕግ በጋዜጣ ላይ አብራርቶ የጻፈ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ከእርሱ በፊት ገጣምያን ስንኙ ሲሰበር በጆሯቸው ያውቁ ነበር፤ ለምን እንደ ተሰበረ ግን በሕግ አስቀምጦ ያሳየ አልነበረም። የተፈጥሮ ሳይንስ መምህር የቅጠልን አሠራር ፈትቶ እንደሚያሳይ ሁሉ እርሱም የስንኝን አሠራር ፈትቶ አሳየ።

የጋርዬ ባልደረባ የነበረው መሐመድ ኢብራሂም ዋርሳሜ፣ በቅጽል ስሙ ሐድራዊም እንዲሁ በመምህርነት የሠራ ነው። በ1973 በግጥሙ ምክንያት ታስሮ እስከ 1978 በእስር ቆየ። በ1980ዎቹ ሁለቱም ድንበር ተሻግረው በኢትዮጵያ ምድር ከነበረው የሶማሊ ብሔራዊ ንቅናቄ ጋር ተቀላቀሉ። ሐድራዊ በ2022 በሐርጌሳ ሲያርፍ ሕዝቡ ግጥሞቹን በቃሉ የሚያውቅለት ሰው ነበር። ለዚህም ካሴቱና ዘፋኞቹ ትልቅ ውለታ አላቸው። ስለ እናት የገጠመው ታዋቂ ግጥም በዘፋኙ መሐመድ ሞጌ ድምፅ በየቤቱ ገብቷል። በዚያ አገር በገጣሚና በዘፋኝ መካከል ያለው ግንብ ቀጭን ነው።

እኛም ይህን ልማድ የምናውቅበት ቤት አለን፤ ቅኔ ቤት ነው። ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ ጓደኞቹ ይሰሙታል፤ የተበላሸው ቤት በሁሉም ፊት ይቃናል። ተማሪው ስለ ታረመ አያፍርም፤ ነገም ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ቅኔ ቤቱንም ሆነ ዴሌይን ለሥነ ጽሑፍ የጠቀማቸው ጭብጨባ መኖሩ አይደለም። ሥራን ሰምቶ፣ በዚያው ሥራ ሕግ መልስ የሚሰጥ ሰው መኖሩ ነው።

ሦስቱ ልቦለዶች

ናዲፋ መሐመድ በ1981 በሐርጌሳ ተወልዳ በ1986 ከቤተ ሰቧ ጋር ወደ ለንደን ሄደች። በኦክስፎርድ ዩኒቨርስቲ ታሪክና ፖለቲካ አጠናች። የምትጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ከላይ ከገለጽነው የቃል ዓለም በአምስት ዓመቷ የተለየች መስሎ ይታያል። መጻሕፍቷ ግን ይህን አይመሰክሩም።

በ2010 የታተመው የመጀመሪያ ልቦለዷ ርእሱ «የጥቁር ማምባ ልጅ» እንደ ማለት ነው፤ ማምባ መርዘኛ እባብ ነው። ታሪኩ የአባቷን እውነተኛ ሕይወት መሠረት ያደረገ ሲሆን፣ ከአባቷ አፍ ከሰማችው የተቀዳ ነው። ጃማ የተባለው ልጅ በ1930ዎቹ በኤደን እናቱን ያጣል። ከዚያ ወደ ሐርጌሳ ይመጣል፤ አባቱን ፍለጋ በጅቡቲ በኩል ወደ ኤርትራ ይዘልቃል፤ ለኢጣሊያ ጦር ያገለግላል፤ የከረንን ጦርነት ያያል፤ በመጨረሻ በግብፅ አድርጎ መርከበኛ ይሆናል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ መጽሐፍ የፋሺስት ኢጣሊያን ዘመን ከሌላ ማዕዘን ያሳያል፤ ከአርበኛው ወይም ከባንዳው ማዕዘን ሳይሆን፣ እንጀራ ፍለጋ ሲቅበዘበዝ የሌላ ሰው ጦርነት ውስጥ ከገባ ልጅ ማዕዘን።

የመጽሐፉ ጥንካሬም ድካምም ከአንድ ምንጭ ይፈልቃል። የሰማችውን ሰው አክብራ በቅደም ተከተል ስለምትከተለው ጉዞው ሕያው ነው፤ አቧራው፣ ረሀቡና የወደቡ ሽታ ይሰማናል። በሌላ በኩል ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው የሚዘለው ታሪክ ለብዙዎቹ ገጸ ባሕርያት ጊዜ አይሰጥም። ገብተው ሳናውቃቸው ይወጣሉ። ምሳሌያዊ ንጽጽሮቹም አንዳንድ ጊዜ እርስ በርሳቸው ይጋፋሉ። በቃል ሲነገር የማይሰለቸው ነገር በገጽ ላይ ሲደረደር እንደሚከብድ የመጀመሪያ ልቦለድ ጸሐፊዎች ሁሉ ቀስ በቀስ ይማሩታል።

በ2013 የወጣው ሁለተኛው ልቦለድ «የጠፉ ነፍሳት የአትክልት ሥፍራ» ሊባል ይችላል። በእኛ አስተያየት ከሦስቱ የበለጠው ይህ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በሐርጌሳ በ1987 እና በ1988 ነው። ሦስት ሴቶች አሉበት። ዴቆ በስደተኞች መጠለያ የተወለደች የዘጠኝ ዓመት የሙት ልጅ ናት። ካውሳር ልጇን የቀበረች ባል የሞተባት አሮጊት ናት። ፊልሳን ከሞቃዲሾ የመጣች ወጣት ወታደር ናት። ሦስቱም በአንድ ከተማ እየኖሩ አንዷ የሌላዋን ቋንቋ እንደማታውቅ ይተያያሉ። ደራሲዋ ለእያንዳንዷ የራሷን ክፍልና የራሷን ድምፅ ትሰጣለች። የዴሌይን ክርክር የሚያስታውሰን ይህ አሠራር ነው፤ አንድ ጉዳይ ይነሣል፤ ሦስት ሰዎች ከየራሳቸው ወገን ይመልሱበታል፤ ደራሲዋም ፈራጅ ሆና መሐል አትገባም። ግፍ የፈጸመችውን ፊልሳንን እንኳ ስናነብ፣ ከመጥላታችን በፊት እንድናዳምጣት እንገደዳለን።

ድካም የለበትም አንልም። ሦስቱ ሴቶች በመጨረሻ የሚገናኙበት መንገድ በአጋጣሚ ላይ ከመጠን በላይ ይደገፋል። ይሁን እንጂ አንባቢ ይህን ይቅር የሚለው እያንዳንዷ ሴት ለዚያ ገጽ እስክትደርስ ድረስ በራሷ እግር ስለ ቆመች ነው።

ሦስተኛው «ዘ ፎርቹን ሜን» በ2021 ታትሞ ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ገባ። የሐርጌሳ ተወላጅ የነበረው መርከበኛ ማሕሙድ ማታን በዌልስ በካርዲፍ ከተማ አንዲት ባለሱቅ ገድለሃል ተብሎ በመስከረም 1952 ተሰቀለ። ፍርዱ ስሕተት መሆኑ ታውቆ የተሻረው በ1998 ነው። የደራሲዋ አባት ማታንን በሕይወት ሳለ ያውቁት ነበር። ስለዚህ ይህም መጽሐፍ በመጀመሪያ የደረሳት በጆሮ ነው ማለት ይቻላል። እዚህ ግን ደራሲዋ የፍርድ ቤቱን መዝገብ አምጥታ ከሰውየው ውስጣዊ ድምፅ ጎን ታኖረዋለች። መዝገቡ ስለ አንድ ተከሳሽ ይናገራል። ልቦለዱ ግን ስለ ቀልደኛ፣ ቁማርተኛና ልጆቹን ስለሚወድ አባት ይናገራል። በወረቀት ላይ የሰፈረ ቃል ሁልጊዜ እውነት፣ በቃል የተነገረ ሁሉ ወሬ ነው ብሎ ለሚያስብ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አይገኝም።

ሁለት ዓይነት በዓል

ወደ ሁለተኛው ልቦለድ መመለስ አለብን። የመጽሐፉ መክፈቻ በዓል ነውና። ዕለቱ ጥቅምት 21 ቀን፣ መንግሥቱ ሥልጣን የያዘበት መታሰቢያ ነው። ሕዝቡ በግድ ተሰብስቦ ስታዲዮሙን ሞልቷል። ሙዚቃ አለ፤ ጭፈራ አለ፤ ንግግርም አለ። ትንሿ ዴቆ ከመጠለያው የመጣችው ለመጨፈር ነው። በትርኢቱ መሐል ግን የጭፈራውን እርምጃ ትረሳለች። ለዚህም ትደበደባለች። አሮጊቷ ካውሳር ልጅቷን ለማዳን ስትገባ ትያዛለች፤ በጣቢያው ውስጥ ፊልሳን ትደበድባታለች፤ አሮጊቷም የአልጋ ቁራኛ ትሆናለች። የልቦለዱ መከራ ሁሉ የሚጀምረው አንዲት ልጅ እርምጃ በመሳቷ ነው።

ደራሲዋ በዚህ ትዕይንት ስለ ኪነ ጥበብ የምትነግረን ነገር አለ። ሕዝብ የተሰበሰበበት፣ ዘፈን የተዘፈነበት ሁሉ የኪነት በዓል አይባልም። መሳሳት የተከለከለበት ቦታ ማንም አያዳምጥም፤ ሁሉም ይጠብቃል፣ ይጠበቃልም። በእኛም አገር በዚያው ዘመን የሰልፍ ትርኢት ያጠኑ ተማሪዎች ነበሩና ትዕይንቱን የምናነበው እንደ ባዕድ አይደለም። ድንበሩን ወዲያና ወዲህ ብናይ የደራሲው ዕጣም ተመሳሳይ ነበር። ሐድራዊ ለአምስት ዓመት ታሰረ። በባይደዋ ተወልዶ በእኛው ቀላፎ ትምህርት ቤት አማርኛን የተማረው ኑረዲን ፋራሕ፣ በ1973 በጋዜጣ በተከታታይ ይወጣ የነበረው የሶማሊኛ ልቦለዱ በሳንሱር ተቋረጠበት፤ በኋላም ለረጅም ዘመን በስደት ኖረ። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን ካሳተመ በኋላ በ1984 የደረሰበት ጠፋ።

በሚያዝያ 1988 የሶማሊያና የኢትዮጵያ መንግሥታት ስምምነት ተፈራረሙ። በግንቦት መጨረሻ ንቅናቄው ቡርኦንና ሐርጌሳን አጠቃ። መንግሥትም ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ የተነሡ የጦር አውሮፕላኖችን ልኮ ራሷን ሐርጌሳን ደበደበ። ከተማዋ በአብዛኛው ፈረሰች፤ ሕዝቡ ወደ ኢትዮጵያ ፈለሰ። ሐርተ ሼክ በአንድ ወቅት ከዓለም ትልልቅ የስደተኞች መጠለያዎች አንዱ እስከ መሆን ደረሰ። የልቦለዱም ሦስት ሴቶች የሚያመሩት ወደዚሁ ወደ ድንበሩ ነው።

በዚያን ቀውጢ ጊዜ የሬዲዮው ሠራተኞችና የከተማዋ ሰዎች የሙዚቃና የግጥም ካሴቶችን በየቦታው ሸሸጉ። አንዳንዱ መሬት ውስጥ ተቀበረ፤ አንዳንዱም ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። ሰው ከቤቱ ሲሸሽ እህልና ገንዘብ ይይዛል ብለን እናስባለን። እነዚህ ሰዎች ግን ለሌላ ቀን የሚሆን ድምፅ አስቀመጡ። ከተማዋ በሰላም ስትቆም ካሴቶቹ መሰብሰብ ጀመሩ። በ2014 በተከፈተው የሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ ካሴቶች ተከማችተዋል። ከእነዚህ ቅጂዎች የተመረጡ ዘፈኖች በ2017 በኒው ዮርክ በሸክላ ታትመው ለግራሚ ሽልማት ዕጩ ሆነዋል።

ማዕከሉንና የመጻሕፍቱን ጉባኤ ከመሠረቱት ሰዎች ዋናው ጃማ ሙሴ ጃማ ነው። ትምህርቱ ሒሳብ ነው፤ ግመል ጠባቂዎች በአሸዋ ላይ የሚጫወቱትን «ሻሕ» የተባለ ጨዋታ በሒሳብ ዓይን አጥንቶ መጽሐፍ አሳትሟል። ጉባኤው በየዓመቱ በበጋ ወራቸው፣ በእኛ ክረምት መሆኑ ነው፣ ለቀናት ይቆያል። በየዓመቱም አንድ የአፍሪካ አገር በእንግድነት ይጋበዛል፤ በ2016 ጋና፣ በ2018 ሩዋንዳ ተራው ደርሷቸው ነበር። አዳዲስ መጻሕፍት ይተዋወቃሉ፤ ግጥም ይነበባል፤ ኡድ ይመታል፤ ወጣቶችም አዳራሹን ይሞላሉ።

እንግዲህ በ1987ቱ ስታዲዮምና በዚህ ጉባኤ መካከል ያለውን ልዩነት እንመልከት። በሁለቱም ሰው ተሰብስቧል፤ በሁለቱም ዘፈን አለ። በስታዲዮሙ ግን ተመልካቹ የመጣው ተጠርቶና ተቆጥሮ ነው፤ በአዳራሹ የሚገኘው ወድዶ ነው። በስታዲዮሙ እርምጃ የሳተች ልጅ ተደበደበች። በአዳራሹ ወጣት ገጣሚ ስንኙ ቢሰበርበት ጆሮ ያላቸው ሽማግሎች ያቃኑለታል። ሐርጌሳ ከፍርስራሿ ተነሥታ መጽሐፍን በማኅበር ማክበሯ ለዚህ ነው ታላቅ ነገር የሚሆነው።

ጉባኤው የማይሠራው ሥራ

ከዚህ ላይ ምስጋናችንን ገታ አድርገን ሁለት ነገሮችን መጠየቅ ይገባናል።

አንደኛው የጭብጨባ ጉዳይ ነው። የመጻሕፍት ጉባኤ በባሕርዩ የሚያከብረው የተፈጸመውን ሥራ ነው። ደራሲው መድረክ ላይ ሲወጣ መጽሐፉ ታትሟል፤ ስሕተቱም አብሮ ታትሟል። ዴሌይ ግን ሥራው ገና ትኩስ ሳለ መልስ ይጠይቅ ነበር። አንድ አገር ጉባኤ ብቻ ኖሮት በየሳምንቱ የሚገናኙ፣ ረቂቅ አንብበው «ይህ ቦታ አልያዘም» የሚባባሉ ትንንሽ ማኅበሮች ከሌሉት፣ ጉባኤው ዓመቱን ጠብቆ የሚመጣ ሠርግ ሆኖ ይቀራል። ሠርጉ ደስ ይላል፤ ትዳሩን የሚያጸናው ግን ከማግሥቱ ጀምሮ ያለው ኑሮ ነው።

ሁለተኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው። የሶማሌን ሕይወት ለዓለም ያስተዋወቁት የኑረዲን ፋራሕና የናዲፋ መሐመድ ልቦለዶች የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። የካውሳር ዓይነት ሴት በእውነተኛዋ ሐርጌሳ ብትኖር ስለ ራሷ የተጻፈውን መጽሐፍ በተጻፈበት ቋንቋ ልታነበው አትችልም። ይህን ስንል ደራሲዋን ለመክሰስ አይደለም። በአምስት ዓመቷ ከአገሯ የወጣች ልጅ ተምራ የቀለመችበትን ቋንቋ ብትጽፍበት አያስነቅፋትም። ኑረዲንም በአፍ መፍቻው ሊጽፍ ሞክሮ በር ተዘግቶበታል። ጥያቄው የሚመለከተው ማኅበሩን ነው። አባት በሶማሊኛ የተረከው ታሪክ ልጅቱ በእንግሊዝኛ ስትጽፈው ግማሹን መንገድ ሄዷል። ተተርጉሞ፣ በሬዲዮ ተተርኮ፣ በካሴቱ ምትክ በስልክ ተቀድቶ ወደ ሽማግሎቹ ጆሮ ሲመለስ መንገዱ ይሞላል። ግጥምን በቃሉ ያቆየ ሕዝብ ልቦለድንም ሰምቶ ለመተቸት ብቃት አለው።

ለክበቦቻችን

በየትምህርት ቤታችን የሥነ ጽሑፍ ክበብ አለ። ብዙዎቹ ክበቦች የሚነቁት ግን የወላጆች ቀን ወይም ሌላ በዓል ሲቃረብ ነው። ተማሪው ግጥሙን በችኮላ ይጽፋል፤ በሰልፍ ላይ ያነባል፤ ይጨበጨብለታል፤ ወረቀቱም ይጣላል። ድምፁ የተንቀጠቀጠ ወይም ስንኝ የዘለለ ተማሪ ይሳቅበታል፤ በሚቀጥለው ዓመትም አይመለስም። ዱላ የለውም እንጂ ይህ ከዴቆ ስታዲዮም ብዙ የራቀ አይደለም።

ከሐርጌሳ ልምድ ልንወስድ የምንችለው ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። አንዱ ተማሪ በአንድ ጉዳይ ላይ አንድ ግጥም ያቅርብ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላው በዚያው ቤት መምቻና በዚያው ጉዳይ ይመልስለት። ሦስተኛው ሁለቱንም ሰምቶ ይግባበት። ሰንሰለቱ በአንድ የትምህርት ወሰን ውስጥ አሥር ግጥም ቢያፈራ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ቢያንስ የአንድ ሌላ ሰው ሥራ በጥንቃቄ አድምጧል ማለት ነው። ስልክ ያለው ተማሪ ይቅዳው፤ ለቤተ ሰቡም ያሰማ። ልቦለድ ለመጻፍ የሚሻው ደግሞ በመጀመሪያ አያቱን ወይም ጎረቤቱን አስቀምጦ አንድ የሕይወት ታሪክ ይቅዳ። ከዚያ ጽፎ ያምጣና ክበቡ የተነገረውን ከተጻፈው ጋር ያስተያይ። የናዲፋ መሐመድ የመጀመሪያ ልቦለድ የተገኘው ከዚህ በማይለይ መንገድ መሆኑን ተማሪዎቻችን ቢያውቁ ይበረታታሉ።

የመምህሩም ድርሻ ግልጽ ነው። ጋርዬ እንዳደረገው ስንኙ የተሰበረበትን ቦታ በሕጉ ማሳየት አለበት። «ጥሩ ነው፣ ቀጥል» ብሎ ማለፍ ተማሪውን መናቅ ነው። በሰው ፊት ማዋረድም ድምፁን ለዘለቄታው ይዘጋዋል። ከሁለቱ መካከል ያለው የእርማት መንገድ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቅኔ ቤቶቻችን ግን ለብዙ ዘመን ሄደውበታል። ዘንድሮ ክበባችን ሲከፈት የመጀመሪያውን ግጥም የሚያቀርበው ተማሪ ማን እንደሚሆን ከመምረጣችን በፊት፣ የሚመልስለት ማን እንደሆነ እናዘጋጅ።